«ቲቸር፣ 3 ነው 8?» የደበዘዙ የስክሪን ቅጂዎች እንዴት ጠሩ

ጉዳዩ የተጀመረው በአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው። «ቲቸር ይቅርታ፣ የደንበኛው ቀሪ ሒሳብ 13,800 ነው ወይስ 18,300?» ተማሪው ቪዲዮውን እያቆመ፣ በጣቱ እያሰፋ አይቶታል። አሃዙ ግን ብዥ ብሎበታል። የሒሳብ ትምህርት ላይ 3 እና 8 ካልተለዩ፣ ድምፁ ምንም ያህል ቢጠራ ዋጋ የለውም።

መምህርቷ ጓደኛዬ ናት። ቀን አዲስ አበባ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ትሠራለች። ማታ ደግሞ ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራምና ኤክሴልን በአማርኛ እያስረዳች ስክሪኗን ትቀዳለች። ትምህርቶቹ ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ ይለቀቃሉ። የሚከታተሏት ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች ናቸው። ለኮርስ የሚከፍሉት የሌላቸው ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ የሚያዩት በስልክ፣ ያውም በሞባይል ዳታ ነው። ስለዚህ ነገሩ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ብዥ ያለ ቪዲዮ ፓኬጃቸውን በልቶ ባዶ እጃቸውን ይሰዳቸዋል።

ኤዲት የሚያደርግላት አዳማ የሚኖረው የወንድሟ ልጅ ነው። የጥራት ነገር ሲነሳ ሁለቱ አይስማሙም ነበር። እሷ «ኤዲት ሲደረግ ነው የሚበላሸው» ትላለች። እሱ ደግሞ «አክስቴ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ቀድሞም ደብዝዟል» ይላል። መፍትሔ ተብሎ የታሰበው አዲስ ላፕቶፕ መግዛት ነበር። እኔ የገባሁት የላፕቶፕ ዋጋ ሲጠያየቅ ነው። ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ጥራቱ የት ላይ እንደሚጠፋ እንይ አልኳቸው።

አንዱን ቅጽበት በየደረጃው ማየት

ዘዴው ቀላል ነው። ከአንድ ትምህርት ውስጥ አንድ ቅጽበት መረጥን። የደንበኛው ሌጀር (የሒሳብ መዝገቡ) ተከፍቶ ምንም ሳይንቀሳቀስ የሚቆይበትን። ያንኑ ሌጀር ላፕቶፑ ላይ ከፍተን በፕሪንት ስክሪን ያዝነው። ይሄኛው እውነተኛው ምስል ነው። ከዚያ የዚያኑ ቅጽበት ምስል ከየፋይሉ አወጣን፦ ኦቢኤስ (ስክሪኗን የምትቀዳበት ፕሮግራም) ከቀዳው፣ አዳማ ከደረሰው፣ ልጁ ኤዲት ጨርሶ ካወጣው (ኤክስፖርት ካደረገው)፣ ተመልሶ እሷ ጋ ከመጣው፣ በመጨረሻም ዩቲዩብ ላይ ከሚታየው። ሁሉንም ጎን ለጎን ደርድረን በ100 ፐርሰንት አየናቸው።

100 ፐርሰንት የምለው በምክንያት ነው። የቪዲዮ ማጫወቻው ምስሉን ከመስኮቱ ጋር ለማመጣጠን ካሳነሰው ወይም ካሰፋው፣ ራሱ ብዥታ ይጨምራል። ያኔ የምንፈርደው በፋይሉ ሳይሆን በማጫወቻው ላይ ነው።

ምስሎቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ክርክሩ ቆመ። አክስትም ልጅም ልክ ነበሩ። ጥራቱ አንድ ቦታ ላይ አልነበረም የጠፋው። በእያንዳንዱ ደረጃ ትንሽ ትንሽ ይቀንስ ነበር።

መጀመሪያ የቀነሰው ገና ሲቀዳ ነው። የላፕቶፑ ስክሪን 1366 በ768 ፒክሰል (የምስል ነጥብ) ነው። የኦቢኤስ ካንቫስም (ምስሉ የሚቀመጥበት ሰሌዳ) ያው ነው። የሚወጣው ቪዲዮ ግን 1280 በ720 ተደርጓል። ኦቢኤስ መጀመሪያ ሲከፈት የሚመጣው ማዋቀሪያ የመረጠው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን 1366 ነጥብ ወደ 1280 ሲወርድ አንዱ ፒክሰል ከአንዱ ጋር አይገጥምም። አንድ ፒክሰል ብቻ የምትወፍረው የ8 መስመር ለሁለት ጎረቤት ፒክሰሎች ትካፈላለች። ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። በ3 እና በ8 መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ በግራ በኩል ያለው ክፍተት ብቻ ነው። ግራጫው ያንን ክፍተት ይሞላዋል።

እዚያው ኦቢኤስ ላይ ሌላም ነገር ነበር። ቢትሬቱ (ለአንድ ሰከንድ ቪዲዮ የሚመደበው የዳታ መጠን) 2,500 ኪሎቢት፣ ያውም ቋሚ ነው። ቋሚ ቢትሬት ለቀጥታ ስርጭት የሚመች ነው። ለስክሪን ትምህርት ግን አይስማማም። ሌጀሩ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ብዙው ቢት ይባክናል። በአንድ ክሊክ መላው መስኮት ሲቀየር ደግሞ ያው ቢት አይበቃም። ተማሪዎቹ «መስኮቱ ሲከፈት ይደበዝዝና ቆይቶ ይጠራል» የሚሉት ይሄንኑ ነው።

ቀጥሎ መላኩ ነው። ላፕቶፑ ኢንተርኔት ስለሌለው ፋይሉን ወደ ስልኳ ትገለብጥና በቴሌግራም ወደ አዳማ ትልከዋለች። ከስልክ ላይ እንደ ቪዲዮ ሲላክ ቴሌግራም ይጨምቀዋል። ለሠርግና ለልደት ቪዲዮ ጥሩ ነው፤ ዳታ ይቆጥባል። ለኤዲት የሚሄድ ጥሬ ፋይል ግን እንዲህ መሄድ የለበትም።

አዳማ ላይ የሚጠብቀው ታይምላይን (ቪዲዮው ኤዲት የሚደረግበት ሰሌዳ) 1920 በ1080 ነው። ቀድሞ ከ1366 ወደ 1280 የወረደው ምስል እዚህ ደግሞ 1.5 እጥፍ ይለጠጣል። ልጁ ትንንሽ ቁጥር ያለበት ቦታ ሲደርስ በዚያ ላይ ዙም ያደርጋል። ኤክስፖርቱን በትልቅ ቢትሬት ነበር የሚያወጣው፤ የቻለውን ሁሉ አድርጓል። ግን ከበረካ አቦል አይወጣም። ትልቅ ቢትሬት ያለውን ይጠብቃል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። ፋይሉ አደገ፣ ብዥታው እንዳለ ቀረ።

ከዚያ በቴሌግራም ተመልሶ እንደገና ተጨመቀ፤ ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ደግሞ አምስተኛ ጊዜ። ዩቲዩብ የሚጫንለትን ሁሉ በራሱ መንገድ እንደገና ስለሚጨምቅ ያ ደረጃ አይቀርም። ሌሎቹን ግን መቀነስ ይቻላል።

ፊደል ከፊት ይልቅ የሚጎዳው ለምንድን ነው?

ኤች.264 የሚባለው የቪዲዮ መጭመቂያ እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀ ነው። እስካሁንም ስልክ፣ ቴሌቪዥን፣ ኮምፒውተር ሁሉ ይከፍተዋል። ምስሉን 16 በ16 ፒክሰል ወደሆኑ ሳጥኖች ይከፋፍላል፤ ቢት ሲያጥረው መጀመሪያ የሚጥለው ደቃቁን ዝርዝር ነው። በካሜራ በተቀረጸ ነገር ላይ ይሄ ብልህ ምርጫ ነው። የሰው ጉንጭ ወይም ሰማይ ላይ ደቃቅ ዝርዝር ቢቀንስ ዓይን ብዙም አይታዘብም። ፊደል ግን ሁለመናው ደቃቅ ዝርዝር ነው። ጥቁር መስመር፣ ወዲያው ነጭ፣ እንደገና ጥቁር። የስክሪን ምስል የራሱ ጠባይ እንዳለው የታወቀው ቆይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ኤቪ1 የተባለ መጭመቂያ ለስክሪን ምስል የሚሆኑ መሣሪያዎችን አብሮ ይዟል።

በዚያ ላይ ቀለሙ አለ። የተለመደው ቪዲዮ 4:2:0 በሚባለው አሠራር ነው የሚቀመጠው። ብርሃንና ጥላው ለእያንዳንዱ ፒክሰል ይመዘገባል። ቀለሙ ግን ለአራት ፒክሰል አንድ ነው። ኤክሴል ላይ ኪሳራን በቀይ የምትጽፍ መምህርት ካለች፣ የቀዩ ቁጥር ዳር ወደ ጎረቤቱ የሚፈሰው በዚህ ምክንያት ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ፊደል ለማጥራት ክሊርታይፕ የሚባል ነገር ይጠቀማል። የፊደሉን ጠርዝ በስሱ ቀይና ሰማያዊ ይቀባዋል። ስክሪን ላይ ዓይን አያየውም፤ ቪዲዮ ውስጥ ሲገባ ግን ያ ቀለም ይበተናል። ጥቁር ጽሑፍ እንኳ ቆሸሽ ያለ ይመስላል።

የእኛ ፊደል ላይ ይሄ ከላቲኑ ይብሳል። «ገቢ» እና «ገቡ» የሚለዩት የመጨረሻው ፊደል ላይ ያለችው ትንሽ ቅጥያ ወገብ ላይ ወይም እግር ላይ በመሆኗ ነው። በትንሽ መጠን ሲጻፍ ያቺ ቅጥያ አንድ ሁለት ፒክሰል ብትሆን ነው። ዊንዶውስ ላይ የሚገኘው ኒያላ ፊደል ደግሞ ስስ መስመሮች አሉት። በእጅ ወረቀት ላይ የተጻፈ የሚመስል ውብ ፊደል ነው፤ ለስክሪን ቅጂ ግን አልመርጠውም። የአማርኛ ርዕሶቹን ወደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ቀየርናቸው። መስመሩ እኩል ውፍረት ስላለው ቶሎ አይጠፋም።

ስክሪኑን ማሳነስ

አሁን መፍትሔው። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስክሪኑን ማሳደግ ነው። እኛ ያደረግነው ተቃራኒውን ነው። የላፕቶፑን ሪዞሉሽን ከ1366 በ768 ወደ 1280 በ720 አወረድነው። ከዚያ የኦቢኤስን ካንቫስም አውትፑትም (የሚወጣውን ቪዲዮ) 2560 በ1440 አደረግን። 1280 በ2 ሲባዛ 2560 ነው፤ 720 በ2 ሲባዛ 1440። ልክክ ይላል። እያንዳንዱ የስክሪን ፒክሰል በቪዲዮው ላይ ሁለት በሁለት የሆነ ካሬ ይሆናል። የሚካፈል መስመር፣ ግራጫ የሚሆን ጠርዝ የለም።

ይህ እንዲሠራ አንድ ነገር መነካት አለበት። ኦቢኤስ ላይ የስክሪን ምንጩን በቀኝ ክሊክ ነክቶ «ስኬል ፊልተሪንግ» ውስጥ «ፖይንት» የሚለውን መምረጥ። ሌሎቹ ምርጫዎች ፒክሰሎቹን እርስ በርስ ያዋህዳሉ። ለፎቶ ጥሩ ናቸው፣ ለፊደል አይሆኑም።

የዚህ አካሄድ ትልቁ ትርፍ ግን ቀለሙ ላይ ነው። ቪዲዮ ቀለምን ለአራት ፒክሰል አንድ ብቻ የሚመዘግብ ከሆነ፣ እኛ ደግሞ አራቱንም ፒክሰል አንድ ዓይነት አድርገነዋል። ስለዚህ የሚፈሰው ቀለም እጅግ ይቀንሳል። ቀዩ ቁጥር ቀይ ሆኖ ይቆማል። ኦቢኤስ በ4:4:4 መቅዳትም ይችላል። ነገር ግን ያን ፋይል የማይከፍቱ ስልኮችና የኤዲቲንግ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው። ሁለት እጥፉ መንገድ ያለዚያ ጣጣ ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣል።

ጓደኛዬ ሪዞሉሽኑ ሲቀየር ደነገጠች። ላፕቶፑ ላይ ጽሑፉ ብዥ ብሎ ይታያታላ! ያ ግን የስክሪኑ መስታወት ላይ ያለ ነገር ነው። 1366 ነጥብ ያለው መስታወት 1280ን ለመሙላት ይለጥጠዋል። ኦቢኤስ የሚወስደው ከመስታወቱ አይደለም፣ ኮምፒውተሩ ከሚሥለው ምስል ነው። ቅጂውን ስታየው ተረጋጋች።

ሌላ እክልም ነበር። 720 ፒክሰል ቁመት ለአንዳንድ የፒችትሪ መስኮት ያጥራል፤ የታችኛው ቁልፍ ይደበቃል። ታስክባሩ በራሱ እንዲደበቅ አደረግነው፣ በቃ። በዊንዶውስ የማሳያ ማስተካከያ ጽሑፉን 125 ወይም 150 ፐርሰንት ማድረግስ? ለአዳዲስ ፕሮግራሞች ጥሩ ነው። የቆዩትን ግን ዊንዶውስ እንደ ፎቶ ይለጥጣቸዋል፣ ፊደላቸውም ገና ሳይቀዳ ይደበዝዛል። እኛ 100 ላይ ተውነው። ስክሪኑ ራሱ ትንሽ ስለሆነ ፊደሉ ትልቅ ነው። ኤክሴልን ብቻ በራሱ ዙም ወደ 130 ከፍ ታደርገዋለች። ኤክሴል ፊደሉን እንደ አዲስ ስለሚሥለው ጥራቱ አይቀንስም።

ቢትሬቱን በተመለከተ ቋሚውን ትተን ሲአርኤፍ ወደሚባለው ዞርን። እዚህ የሚወሰነው ቢቱ ሳይሆን ጥራቱ ነው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ጥራቱ ይጨምራል፤ 18 ላይ አስቀመጥነው። ስክሪኑ ሲቆም ፋይሉ እምብዛም አያድግም፣ መስኮት ሲቀየር ደግሞ የፈለገውን ያህል ይወስዳል። እንዲህ ላለ ትምህርት የተሠራ ነው ማለት ይቻላል።

የድሮው ላፕቶፕ በዚህ ላይ ተጨነቀ። የኦቢኤስ ስታትስ መስኮት ፍሬሞች (የቪዲዮው ተከታታይ ምስሎች) እየተዘለሉ እንደሆነ ያሳይ ነበር። ፕሪሴቱን (የመጭመቂያውን ፍጥነት) ወደ ፈጣኑ «አልትራፋስት» ስንቀይረው ቆመ። ዋጋው ፋይሉ ከፍ ማለቱ ነው። ዲስክ ቢሞላ ይሻላል፤ የተዘለለ ፍሬም በኋላ አይገኝም። ፍሬም ሬቱ በሰከንድ 30 ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ማውስ ብቻ ስለሆነ 60 አያስፈልግም። ፎርማቱ ኤምኬቪ ነው፣ መብራት ድንገት ቢጠፋ እስከዚያ የተቀዳው ይተርፋል። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የቀለም ሬንጁንም (ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን ስፋት) አየነው፤ «ሊሚትድ» ላይ ነው፣ እዚያው ተውነው። «ፉል» የሚለው ስሙ ያጓጓል። ነገር ግን ማጫወቻው ካልተረዳው የኤክሴል ስስ ግራጫ መስመሮች ይገረጣሉ።

ኤዲቱን መቀነስ

ልጁ የሚሠራውን ስናይ አብዛኛው መቁረጥ ነበር። መጀመሪያ ላይ ያለ ዝምታ፣ ስልክ ሲጠራ የተቋረጠ ንግግር፣ ተሳስታ የደገመችው። ለዚህ ምስሉን እንደገና መጨመቅ አያስፈልግም። ሎስለስከት የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ምስሉን እንደገና ሳይጨምቅ ቆርጦ ያገጣጥማል። ገደቡ አንድ ነው፤ ንጹሕ አቆራረጥ የሚገኘው ኪፍሬም (ሙሉ ሆኖ የተቀመጠ ምስል) ያለበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ኦቢኤስ ላይ ኪፍሬሙን በየ1 ሰከንዱ አደረግነው። ለንግግር መቁረጫ ይበቃል። እሷም ስትሳሳት አንድ ሁለት ሰከንድ ዝም ብላ ነው የምትደግመው።

የመግቢያዋ አኒሜሽንስ? ሎስለስከት ሁለት ፋይል የሚያገናኘው ሁሉ ነገራቸው አንድ ሲሆን ነው፦ መጠኑ፣ ፍሬም ሬቱ፣ መጭመቂያው፣ ድምፁም ጭምር። ልጁ መላ አገኘ። መግቢያውን ኦቢኤስ ላይ አጫውቶ በዚያው በትምህርቱ ሴቲንግ ቀዳው። አሁን ሁለቱ ያለ ምንም ጭመቃ ይቀጣጠላሉ። እኔ ይሄን አላሰብኩትም ነበር፤ የእሱ ነው።

ቀስትና ጽሑፍ የሚጨመርባቸው ትምህርቶች አሁንም ፕሪሚየር ፕሮ በተባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ላይ ይሠራሉ። እዚያ ሲኩዌንሱ (ታይምላይኑ) የሚፈጠረው ከቅጂው ራሱ ነው፣ 2560 በ1440። ዙም ካስፈለገ ልክ 200 ፐርሰንት። ከታይምላይኑ የሚበልጥ ፋይል ሲገባ ደግሞ «ስኬል ቱ ፍሬም ሳይዝ» የሚለውን ትቶ «ሴት ቱ ፍሬም ሳይዝ» መምረጥ ይገባል። የመጀመሪያው ምስሉን ወደ ታይምላይኑ መጠን ያወርደውና በኋላ ዙም ሲደረግ የወረደውን ነው የሚያሰፋው። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ፒክሰል ይዞ ይቆያል። ኤክስፖርቱ በሰከንድ 16 ሜጋቢት ነው። ዩቲዩብ ለ1440፣ 30 ፍሬም የሚመክረው ይህንኑ ነው፤ ለ1080 የሚመክረው 8 ነው። በ16 ሜጋቢት የ10 ደቂቃ ትምህርት 1.2 ጊጋባይት ይሆናል። ቴሌግራም በነፃ እስከ 2 ጊጋባይት ስለሚቀበል ያልፋል፤ ግን እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ነው የሚላከው። ወደ አዳማ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ደግሞ በፍላሽ።

ዩቲዩብ ላይ 1440 ሌላም ጥቅም አመጣ። በትንንሽ ቻናሎች ላይ 1080 የሆነ ቪዲዮ ብዙ ጊዜ በኤች.264 ነው የሚቀርበው። 1440 ሲሆን ግን የተሻለ በሚጨምቀው በቪፒ9 ይቀርባል፣ ዝቅ ያሉት መጠኖችም ጭምር። በተመሳሳይ ዳታ የተሻለ ምስል ማለት ነው። ኮምፒውተር ላይ ቪዲዮውን በቀኝ ክሊክ ነክቶ «ስታትስ ፎር ነርድስ» ሲከፈት «ቪፒ09» የሚል ከታየ ሠርቷል። ቪዲዮው እንደተጫነ ወዲያው ማየት ግን ያሳስታል። ዩቲዩብ መጀመሪያ ዝቅተኛውን ጥራት ያወጣና ከፍተኛውን ቆይቶ ይጨርሳል።

ዳታ ለሚቸገሩት ቴሌግራም ላይ 1280 በ720 የሆነ ቅጂ አብሮ ይለቀቃል። ከ1440 ወደ 720 በትክክል ግማሽ ስለሆነ እያንዳንዱ ሁለት በሁለት ካሬ ወደ አንድ ፒክሰል ይመለሳል። ሃንድብሬክ በሚባል መጭመቂያ ፕሮግራም ላይ በሲአርኤፍ 20 ይወጣል። ስልክ ላይ ቁጥሮቹ ይነበባሉ።

ላፕቶፕ አልተገዛም። አሁን ከስክሪኑ እስከ ተማሪው ስልክ ድረስ የሚጨመቀው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሲቀዳና ዩቲዩብ ላይ ወይም ለቴሌግራም ሲዘጋጅ። ቀስት ያለበት ከሆነ ሦስት።

የቀድሞዎቹ ትምህርቶች ግማሽ መፍትሔ ነው ያገኙት። የኦቢኤስ ፋይላቸው የተረፈው በሎስለስከት ተቆርጠው እንደገና ወጡ። ሲቀዱ የወረደው ጥራት አልተመለሰም፤ በመንገድ የጠፋው ግን ተመልሷል፣ ልዩነቱም በዓይን ይታያል። ዩቲዩብ የተለቀቀን ቪዲዮ በሌላ ፋይል መተካት ስለማይፈቅድ አዲስ ሊንክ ያስፈልጋል። በድሮዎቹ ሥር የአዲሶቹን ሊንክ ለጠፈች። ፋይላቸው የጠፋባትን ግን እንደገና እየቀዳች ነው። ቁጥር የሚበዛባቸውን፣ የባንክ ማስታረቂያውንና ፔይሮሉን፣ አስቀድማለች።